ከቀለሙ ሥር ያለው ቆርቆሮ

ጅጅጋ ውስጥ የውኃ ጣቢያ ዘበኛ ሳለሁ፣ ሆዳን የምትባል መሐንዲስ የብረት ቧንቧዎቻችንን ልትመረምር መጣች። የያዘችው መሣሪያ ብረቱን ሳይቆርጥና ሳይበሳ በመግነጢስ ኃይል ውፍረቱን ይለካል።

እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ቧንቧ ባንጠባጠበ ቁጥር፣ «አንተ ነህ የሰበርከው» እንዳልባል ፈርቼ፣ በጎማ ላስቲክና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጠቅልዬ ቀለም እቀባው ነበር።

ሆዳን አንዱ ጥገናዬ ላይ ስትደርስ መሣሪያውን ሁለት ጊዜ አሳለፈችበት።

«አዴር» አለችኝ፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቷ ነው። «እዚህ ጋ ብረቱ በጣም ወፍራም ነው። ሌላውን እንቀይርና ይሄን እንተወዋለን።»

ዝም ብል ሥራዬ ይተርፋል፤ ቧንቧው ግን አንድ ቀን ፈንድቶ ሰፈሩ ውኃ ያጣል።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ቆርቆሮ ነው» አልኳት።

ቀለሙን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አየችና ሳቋ አመለጣት።

«እንዲህ ያደረጉት ስንት ቦታ ነው?»

«ሃያ ሦስት።»

«ሁሉንም ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳለሁ? ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ እዳስሳቸው የለ!»

መባረሬን ስጠብቅ፣ መሣሪያዋን አጥፍታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

«በሉ፣ እርስዎ ይምሩኝ» አለችኝ።