እህቷ የገባችበት ቦታ

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ልጆች እንዳስጎበኝ የተጠየቅሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከቱላ የመጡ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከፍተኛ ትምህርት ምን እንደሚመስል በዓይናቸው አይተው ይመለሱ ተብሎ ነው። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንኩ ቀለሙን የሚቀያይር ፈሳሽ አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ሐምራዊው አረንጓዴ ሲሆን ቤተ ሙከራው በጩኸት ተሞላ። ደስ አለኝ።

«እሺ፣ ጥያቄ ያለው?» ስል አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ የገባ ሰው መቼ ነው የሚለቀቀው?»

ጓደኞቿ ሳቁባት። እሷ ግን መልስ እየጠበቀች ነበር። አብሯቸው የመጣው መምህር ጠጋ ብሎ ነገሩን አስረዳኝ። ታላቅ እህቷ ምሥራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሄዳለች። መንገዱ አላመች ብሏት ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ እንኳ አልመጣችም፤ ሌላ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ የሚወርዱት አብረው ነበር።

«ማንም አልታሰረም፤ ትምህርት ሲዘጋ ሁሉም ቤቱ ይሄዳል» አልኳት።

አላመነችኝም። «የት ነው የሚተኙት?» አለች።

በሙከራው የምታግዘኝ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፣ የደሴ ልጅ። «የኔን ዶርም ላሳያት?» አለችኝ። ሦስታችን ሄድን። የሴቶች ዶርም በር ላይ ፕሮክተሯ አስቆመችን።

«መምህር፣ ደንቡን ያውቁታል፤ እንግዳ አይገባም።»

«እህቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታባት ነው። የት እንደምትተኛ ማየት ፈልጋ ነው» አልኳት።

ፕሮክተሯ ልጅቷን ቁልቁል አየቻት። «በሉ ቶሎ ውጡ» ብላ አሳለፈችን።

ክፍሉ ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ወለሉ ላይ የተበታተነ ነጠላ ጫማ ነበር። ልጅቷ ታችኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ ፍራሹን በእጇ ተጫነችው።

«ታለቅሻለሽ?» አለቻት ተማሪዋን።

«መጀመሪያ ሰሞን አልቅሻለሁ። በኋላ ጓደኞች አገኘሁ።»

«እናትሽስ?»

«ትደውላለች። ‹በላሽ ወይ?› ነው ሁልጊዜ።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ሳቀች። «የኛም እናት እንደዚሁ ናት!»

ስንመለስ አብሯቸው የመጣው መምህር እናቷ ጋ ደውሎ የእህቷን ቁጥር ተቀበለና እህትየውን በስልኩ አገናኛት። በሲዳምኛ እየተቀባበሉ ብዙ አወሩ። ሲዳምኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ ምን እንደምትል መምህሩን ጠየቅሁት።

«ከላይኛው አልጋ ነሽ ከታችኛው እያለቻት ነው» አለኝ።

እህትየው ክረምት ላይ እንደመጣች፣ ትንሿም መናኸሪያ ድረስ ሄዳ እንደተቀበለቻት በኋላ ሰማሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ ልጆች ሲመጡ ከቤተ ሙከራው ሌላ ዶርም አሳያለሁ። ፕሮክተሯ ታጉረመርማለች፤ ግን እስካሁን አንድም ልጅ አልመለሰችም።