ልዑሉ ያልተቀመጠበት ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜሮን መጥታ «እማማ፣ ይልበሱ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው የምንሄደው» አለችኝ። «እዛው ያስቀሩኝ እንደሆነስ? አሮጌ ዕቃ አይደል የሚሰበስቡት» ብዬ አሳቅኳት። ነጠላዬን አጣፍቼ ከኮልፌ ታክሲ ያዝን። የትኛው ሙዚየም እንደሆነ አልነገረችኝም ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ግን እግሬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የዚህን ቤት ወለል የምወለውለው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ከኮልፌ በእግሬ እመጣለሁ። ክረምት ላይ የሰፈራችን ጭቃ ጫማ ይበላ ነበር። እኔም ብልጥ ነኝ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እመጣና እዚህ ስደርስ በቧንቧ እግሬን ታጥቤ፣ እንደ ወይዘሮ ተጫምቼ እገባለሁ። ኪሴ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም።

ጋሼ ታደሰ የሚባሉ አስጎብኚ ነበሩ፤ ንግግር ያውቃሉ። እሳቸው ለጎብኚ ሲያወሩ እኔ ከኋላ እየወለወልኩ እሰማለሁ። በዓመቱ የሚሉትን ሁሉ በቃሌ ያዝኩት፣ ሳል የሚይዛቸውን ቦታ ሳይቀር። ጋሼ ታደሰ ተዛውረው ሐረር ሲሄዱ ጎብኚ መጣ፣ የሚያናግረው ጠፋ። መወልወያዬን ጥዬ ዘው አልኩበት። ዲሬክተሩ አቶ ወርቁ በር ላይ ቆመው ሰሙኝና፣ ሌላ ሰው እስኪቀጠር ቀጥይ ብለው ካኪ ኮት ሰጡኝ። ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ያልተጠየቁትን መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

ያቺን ኮት እንዴት እንደምወዳት! ሰፈር ስገባ ሴቶቹ «ዞር በሉ፣ የመንግሥት ሰው መጣች» ይሉኝ ነበር። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱ ጎብኚ «እስቲ ይሄን አንብቢልን» ያለኝ ለታ ኮቷም ሄደች፣ ምናልባት መወልወያውም።

ከዕቃዎቹ መሃል አንዲት ትንሽ የእንጨት ነገር ነበረች። እግሯ አጭር ነው፣ ከላይ እንደ ኮርቻ ሰርጎድ ያለች። ጋሼ ታደሰ «የመኳንንት ልጆች ወንበር» ብለው ያልፏት ነበር። እኔ ይሄ አነሰኝ። አንድ ልዑል ፈጠርኩላት። እዚህ ላይ ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር እንቅልፍ ጣለው፣ ወድቆም ግንባሩ ተፈነከተ እላለሁ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ኋላማ እኔም አምኜው ማዘን ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ተማሪዎች መጡ። ከነሱ ጋር ደግሞ ኮልፌ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ከጅማ የመጡ እናቱን ሊያሳይ ይዞ ገባ። እማማ ጫልቱ ይባላሉ። ልዑሌን አንስቼ ግንባሩ ላይ ስደርስ፣ እማማ ጫልቱ ሳቁ። ሳቁና ግድግዳውን ያዙ።

«ኢንታላ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «የማን ቂጥ ነው እዚህ ላይ የሚበቃው?»

«እማዬ፣ ኧረ ሰው ይሰማል» አለ ልጃቸው።

«ይስማ! ይሄ ትራስ ነው። እኔ በዚህ ተኝቼ ነው ያረጀሁት።» ዕቃዋን ከጠረጴዛው ብድግ አደረጓት። «ነይ፣ ተኚ።»

ተኚ ስባል እተኛለሁ፣ ምን ላድርግ? ሰም በተቀባው ወለል ላይ ተንጋለልኩ። እሳቸው ከአንገቴ ስር ከተቷት። በዋዜማው የተሠራሁት ሹሩባ መሬት ሳይነካ ተንሳፈፈ። «አየሽ?» አሉኝ፣ «ሹሩባሽ ሳይበላሽ ታድሪያለሽ።» ተማሪዎቹ እኔም ልሞክር፣ እኔም ልሞክር ብለው ተሰለፉ።

ይሄኔ ነው አቶ ወርቁ የገቡት።

ከታች ሆኜ የማየው የጫማቸውን ጫፍ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትራስ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ፣ እንደተጋደምኩ።

«ወንበር ነው ያልከው አንተ ነህ?» አሉ እማማ ጫልቱ። «እንግዲያውስ ተቀመጥበትና እንይህ!»

ልጃቸው ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ለካ ዕቃዋ አጠገብ ያለውን «ወንበር» የሚል ካርድ የጻፉት ራሳቸው አቶ ወርቁ ነበሩ። ቢሮ ይዘውኝ ገቡና ባዶ ካርድና ብዕር ፊቴ አስቀመጡ።

«ወንበር ካልሆነ፣ በይ ትክክለኛውን አንቺ ጻፊው።»

ብዕሩን አየሁት። ኮቴን ከላይ ጀምሬ መፍታት ጀመርኩ።

«ጌታዬ፣ መወልወያ ቢሆን ነው የሚያዋጣኝ። ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ታዲያ እስካሁን እንዴት ስታስጎበኚ ኖርሽ?»

«ጋሼ ታደሰን ሰምቼ።»

«ያ የተፈነከተው ልዑልስ?»

«እሱ የራሴ ነው።»

አቶ ወርቁ ቁጣ ጀምረው ነበር፣ መሃል ላይ ሳቅ አመለጣቸው። «ቆልፊው ኮትሽን» አሉኝ። «ሄደሽ ሴትዮዋን ጥሪልኝ። እናንተ ተናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ የሚያስቅ ነገር ለመድን። ባላገር ሲመጣ ቀድሜ አላወራም፣ «ይሄን ያውቁታል?» እላለሁ። አንዱ ሞፈሩን ያስተካክልልናል፣ አንዷ ቅሉን እንዴት እንደሚንጡት ታሳየናለች። ማታ አቶ ወርቁ ይጽፋሉ። እማማ ጫልቱም በሳምንቱ በልጃቸው በኩል «ለሹሩባሽ» ብለው ለጋ ቅቤ ላኩልኝ። ኮቴ ላይ ቀልጦ ስንት ቀን ዝንብ አስከተለኝ!

ቅዳሜ ከሜሮን ጋር ያየኋት አስጎብኚ ቀጭን፣ ቆንጆ ልጅ ናት። ትራሷ መስታወት ውስጥ ገብታለች። ካርዱም ተቀይሯል፣ በማሽን የተጻፈ ነው። ሜሮን ጎንበስ ብላ አነበበችልኝ።

«የእንጨት ትራስ። ሴቶች ሹሩባቸው እንዳይበላሽ አንገታቸውን የሚያሳርፉበት። ጠዋት ግን አንገት ያማል።»

ሜሮን ፍርፍር አለች። «ይሄን የመጨረሻውን ማን ነው የጻፈው?»

«አይታወቅም» አለች አስጎብኚዋ፣ «ድሮም እንዲህ ነበር ይላሉ። ጎብኚ ስለሚወደው አልነካነውም።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማማ ደግሞ! እርስዎ መጻፍ አይችሉም እኮ» አለች ሜሮን።

«መጻፍማ አልችልም፣ ልጄ። ተኝቼበት ነው።»