ጋቢው የሸፈነውና ያልሸፈነው

ይህን ጋቢ ተመልከቱ፤ ጠርዙ ላይ የጎማ ማጣበቂያ ደርቆበት የቀረውን። ባለቤቱ ኑርሁሴን ነው፤ በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ለአሰብ መኪኖች ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ። ጋቢው ለብርድ ይገዛ እንጂ ዋና ሥራው ሲኒማ ቤት ነበር።

ኑርሁሴን ለዒድ ሚስቱን ከሪማንና ልጆቹን ይዞ ደሴ ይወጣል። ፒያሳ ሻይና ብስኩት፣ ከዚያ ፊልም። ተዋናዮቹ ሊተቃቀፉ ሲጠጋጉ ጋቢውን እንደ ድንኳን በልጆቹ ራስ ላይ ይጥለዋል፤ ዘፈኑ ሲጀመር ያነሣዋል። ማንም አይስቅበትም። አጠገቡ ያሉት አባቶችም የሚያደርጉት ያንኑ ነበር።

በ1979 ዒድ ግን በጋቢ መልፋት ሰለቸውና ቀድሞ በረኛውን ጠየቀ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ከሁለቱ ፊልሞች ለልጆች የትኛው ይሻላል ይላሉ? የሚያሳፍር እንዳይሆንብኝ።»

«የህንዱ ይተቃቀፉበታል። የጦርነቱ ሴት የሚባል የለበትም።»

«አንዲትም?»

«አንዲት በቅሎ አለች። ሴት መሆኗን ግን አላጣራሁም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና የጦርነቱን ትኬት ቆረጠ። የቀበሌው ሊቀ መንበርም «አስተማሪ ፊልም ነው» ብሎ ነበር።

ታናሽ ልጁ መዲና ስድስት ዓመቷ ነው። አዝሎ ያሳደጋት አጎቷ በሺር፣ የከሪማ ታናሽ ወንድም፣ ከኩታበር ገበያ በአፈሳ ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ለእሷ የተነገራት ወታደር መሆኑ ብቻ ነው። «በሺር መቼ ነው የሚመጣው?» ሳትል አትተኛም።

ፊልሙ ተጀመረ። ወታደሮቹ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፤ የወደቀው አይነሣም። ኑርሁሴን ዘና ብሏል፤ ጋቢው ጉልበቱ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ በሺር የትኛው ነው?» አለች መዲና።

ከሪማ ፊቷን አዞረች። ኑርሁሴን ጋቢውን በራሷ ላይ ወረወረው፤ ልጅቱ ግን ያየችውን አይታ ጨርሳለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ በሺር መጠየቅ ተወች።

«ስለ ኀፍረት ጠይቀሃል» አለችው ከሪማ በአውቶቡስ ሲመለሱ። «ስለ ሞት ማን ሊጠይቅልህ ኖሯል?»

ንገሩኝ እስቲ፣ ሬሳ መንገድ ላይ በተጣለበት ሰሞን የልጅ ዓይን የሸፈነ ማን ነበር? መተቃቀፍ ሲሆን ግን የአገሩ ጋቢ ሁሉ ይነሣል።

ለዓረፋ ኑርሁሴን ተመልሶ በረኛው ፊት ቆመ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ በዛሬው ማን ይሞታል?»

ሰውየው ግራ ገባው። «ማንም። አንድ ወፍራም ሰውዬ ውኃ ውስጥ ይወድቃል።»

«ይወጣል?»

«ይወጣል፣ ይዘፍናል።»

«ይተቃቀፋሉ?»

«ደህና አድርገው።»

«ይሁን።»

ወፍራሙ ሰውዬ ውኃው ውስጥ ሲገባ መዲና ትንፋሿን ዋጠች፤ ሲወጣ ከት ብላ ሳቀች። መተቃቀፉም ደረሰ። የኑርሁሴን እጅ እንደ ልማዱ ወደ ጋቢው ሄደ፤ ከዚያ ልጆቹን ትቶ የራሱን ፊት ሸፈነ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«በረደኝ። የደሴን ብርድ አታውቂውም?»

«በሺር ሲመጣ ይህን እናሳየዋለን» አለች ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል። «መቼ ነው የሚመጣው?»

«ኢንሻአላህ» አለች ከሪማ።

እናንተም ልጅ ይዛችሁ ሲኒማ ስትሄዱ፣ እባካችሁ በረኛውን መጀመሪያ ማን እንደሚሞት ጠይቁት። መሳሙን በኋላ ትደርሱበታላችሁ።