የለቅሶ ለፋፊዋ የምርጫ ማስታወቂያ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የምርጫ ዓመት መምጣቱ በፖስታ ሳጥን ይታወቃል። ስቴታችን አንዴ ለአንዱ አንዴ ለሌላው ፓርቲ የምትመርጥ ወላዋይ ስለሆነች ሁለቱም ወገን ይለማመጡናል፤ ልመናቸው ግን ስድብ ነው። ከሥራ ስመለስ ሳጥኑን ስከፍተው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዘረገፋል። በእያንዳንዱ ላይ ፊቱን ያጨፈገገ አንድ ሰው በጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ሌባ ነው፣ ውሸታም ነው፣ ሊያጠፋችሁ ነው ይላል። ፎቶውን ያሳተመው ወገን ራሱ ምን ሊሠራልን እንዳሰበ የሚናገር ወረቀት አንድም ቀን አልደረሰኝም። መጀመሪያ እስቅ ነበር። በኋላ እኔም አንደኛውን ተወዳዳሪ አጥብቄ ጠላሁትና መሳቁን ተውኩት።

በዚህ ከተማ ሁለት ሥራ አለኝ። እንጀራዬ ካዚኖ ነው፤ በቀን ሺፍት ካርድ አከፋፍላለሁ። ሌላው የእድራችን ለፋፊነት ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየሰፈሩ እየዞረ ይለፍፍ የለም? እኔ ደግሞ ድምፄን ቀድቼ በቴሌግራም ለአባላቱ እልካለሁ። በጽሑፍ ቢላክ ግማሹ አያነበውም፤ አዛውንቶቹማ መነጽራቸውን እስኪያገኙ ቀብሩ ያልፋል። ሁልጊዜ የምጀምረው በአንድ ቃል ነው፤ "ወገኖቼ፣ በጥሞና አድምጡኝ።" ይህን ሲሰሙ መኪና ዳር አስይዘው የሚቆሙ አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያልሞተ ሰው ሞተ ብዬ አላውቅም፣ የቀብር ሰዓትም አሳስቼ አላውቅም። ቀልደኞቹ ለሌላ ጉዳይ ስደውልላቸው እንኳ "ደግሞ ማን ሞተ?" ብለው ነው የሚያነሱት።

ለዚህ ሥራ ያጩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ስላልኳቸው የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ሦስት ወር መኝታ ቤታቸውን ለቀው ሶፋ ላይ ያደሩልኝ፣ መንዳት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። አሁን ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ደም ግፊታቸው ደግሞ መድኃኒት የዘለሉበትን ቀን አይምርም። "ድምፅሽ አይቸኩልም፤ የሰማሽ ሰው ያምንሻል" ብለው ኮሚቴው ፊት ያቀረቡኝ እሳቸው ናቸው።

ኦክቶበር ሲገባ አንድ ሰው ደወለልኝ። የምርጫ ማስታወቂያ በየቋንቋው የሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ይሠራል፤ ለቅዳሜው የአማርኛ ሬዲዮ ድምፅ ፈልጎ ነበር። ገንዘቡ አጓጓኝ ብል ይሻለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ያን የጠላሁትን ሰው የምመታበት ዱላ በእጄ ስለገባ ደስ አለኝ።

ስቱዲዮው አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ባር ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የተሰጠኝ ጽሑፍ ያ ሰው ከተመረጠ የመድኃኒት ኢንሹራንሳችሁን ይነጥቃችኋል፣ ዛሬ የምትውጡትን ኪኒን ነገ አታገኙትም ይላል።

"እንዲህ ብሏል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ከዓመታት በፊት ተቀራራቢ ነገር ተናግሯል። ጠበቆቻችን አይተውታል" አለኝ።

ተቀራራቢ! ሞት ላይ ተቀራራቢ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውዬው ወይ ሞቷል ወይ አልሞተም። ይህን ከማንም በላይ የማውቅ ሴት ነኝ። ግን ጽሑፉን ይዤ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥኩ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩለት፣ አልወደደውም። አማርኛ ባይሰማም ቅዝቃዜው ገብቶታል። "አታንብቢው፤ ለራስሽ ሰዎች ንገሪያቸው" አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና ሰዎቼን አሰብኳቸው። አፌ እንደ ለመደው "ወገኖቼ፣ በጥሞና አድምጡኝ" ብሎ ጀመረ። ስጨርስ ሰውየው በመስታወቱ በኩል አውራ ጣቱን አሳየኝ። ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር ቻይናታውን ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ ማስታወቂያው በመኪናው ሬዲዮ መጣ። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

"ማሚ፣ ያንቺ ቮይስ ነው? ኦ ማይ ጋድ! ይሄ እኮ አታክ አድ ነው። የኔ ፔፐር ስለዚህ ነው!"

ለትምህርቷ የምትጽፈው ጥናት በፕሬዚዳንት ምርጫ ስለሚወጡ የስም ማጥፋት ማስታወቂያዎች ታሪክ ነበር። ፓርክ አድርገን ሳንወርድ በተሰባበረ አማርኛዋ ትነግረኝ ጀመር። አገሪቱ ገና በተመሠረተች ሰሞን የአንዱ ወገን ጋዜጦች፣ ተቃዋሚያችን ከተመረጠ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይነጥቃችኋል ብለው አስወሩ። እመቤቶች መጽሐፋቸውን የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ደበቁት ይባላል። ሰውየው ተመረጠ፤ የማንንም መጽሐፍ አልነካም። በኋላ ደግሞ የአንዱን ተወዳዳሪ ሚስት በጋብቻዋ እያነሱ ሰደቧት። ባሏ አሸነፈ፤ እሷ ግን ቤተ መንግሥት ሳትገባ ሞተች፤ የገደሏት ተሳዳቢዎቿ ናቸው ይል ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ አንዲት ትንሽ ልጅ የአበባ ቅጠል ስትቆጥር አሳዩና በላዩ ላይ ቦምብ አፈነዱ። ማስታወቂያው የተከፈለበት ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አገሩ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

እኔን ያሳቀኝ የመጽሐፍ ቅዱሱ ነው። "ምን ዓይነት ሞኞች ናቸው? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል እኮ!" አልኳት።

"ማሚ፣ ሞኝ አይደለም፤ ስኬርድ ናቸው። ሰው ሲፈራ አያስብም። አዱ የሚሠራው እንደዛ ነው።"

"እኔ የማንንም ሚስት አልሰደብኩም" ብዬ በሩን ዘግቼ ወረድኩ። ተናድጄ ነበር፤ የተናደድኩት ልክ ስለሆነች ነው።

ሰኞ ብሬክ ላይ ሳለሁ ጋሼ ደወሉ። የእኛ ብሬክ ሃያ ደቂቃ ነው፤ አሥራ ስምንቱ አልቋል።

"ልጄ፣ በሬዲዮ ሰማሁሽ። ያልሽው ነገር እርግጥ ነው?"

እዚያ ላይ መመለስ እችል ነበር። ጋሼ፣ ማስታወቂያ ነው፣ የጻፉልኝን ነው ያነበብኩት፣ ማለት ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ግን እሳቸው የሚመርጡትን ሰው ደጋግመው የሚያስቡ፣ የሚያመነቱ ሰው ናቸው፤ ያን ሰው እንዳይመርጡት ፈለግኩ።

"እርግጥ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" ብለው ዘጉት። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በየምርጫው ከቀኑ ቀድመው ድምፅ ሲሰጡ የምነዳላቸው እኔ ነኝ፤ በዕረፍት ቀኔ ረፋድ ላይ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። ቆይተው ከፈቱ። ሁልጊዜ ሱፍ ለብሰው የሚጠብቁኝ ሰው ፒጃማቸውን እንደ ለበሱ ናቸው። ፊታቸው ቀልቷል። "ግቢ" ሲሉኝ ምላሳቸው ከበደ።

ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ብልቃጦቻቸው ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው ምላጭ አለ። ኪኒኖቹ ለሁለት ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ በትናንሽ አራት ማዕዘን ወረቀት ተጠቅልለው የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። ወረቀቱ የሚያብረቀርቀው የምርጫ ወረቀት ነበር፤ በአንደኛው ጥቅልል ላይ የዚያ የጠላሁት ሰው አንድ ዓይን አፈጠጠብኝ።

"ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?"

"ግማሽ ግማሹን እየዋጥኩ ነው። ሌላውን አስቀምጣለሁ። ሰውየው ከገባ ጥቂት ወር ያደርሰኛል" አሉኝ፤ በብልሃታቸው ኮርተው።

ልጄ የነገረችኝ እመቤቶችና ጉድጓዳቸው ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አሠርኩት፤ የላይኛው ከሁለት መቶ አልፏል። ውኃ ስሰጣቸው ብርጭቆው ከግራ እጃቸው ሾልኮ ወደቀ። 911 ደወልኩ።

አምቡላንሱ ሲደርስ የከፋው ገና መጀመሩ ነበር። ጋሼ ወንበራቸውን በደህናው እጃቸው ጨብጠው "ኖ" አሉ። ኢንሹራንሱ ሊነጠቅ ነው፣ ሆስፒታል ገብቼ ልጆቼ ላይ ዕዳ አልጥልም፣ አሉ። ከመጡት ሁለት የሕክምና ባለሙያዎች አንዷ፣ አዛውንቱ አእምሯቸው ሙሉ እስከሆነና እምቢ እስካሉ ድረስ በግድ ልንወስዳቸው አንችልም አለችኝ። ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም፣ ደቂቃ ሁሉ ይቆጠራል፣ አሳምኛቸው፣ አለችኝ።

እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። "ጋሼ፣ ውሸት ነው። ኢንሹራንስዎን የሚነጥቅ የለም። ጽፈው ሰጡኝ፣ አነበብኩ። በስልክም ዋሸሁዎት።"

አዩኝ። አልተናደዱም። "አንቺ? አንቺ አትዋሺም። አሁን እንድሄድልሽ ብለሽ ነው እንዲህ የምትይው።"

"ማርያምን ጋሼ!"

"ያን ቀን የተናገርሽበት ድምፅ የለቅሶ ድምፅሽ ነው። አውቀዋለሁ። በዚያ ድምፅ ዋሽተሽ አታውቂም።"

ማልኩ፣ አለቀስኩ። ባለቀስኩ ቁጥር ይበልጥ አላመኑኝም፤ ለፋፊ አያለቅስም። የአፋቸው አንድ ጎን መውረድ ጀመረ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች።

ተነሣሁ። ፊቴን ጠረግኩ። እጆቼን አጣምሬ፣ የፈረንጆቹ ዓይን እያየኝ፣ ሳልቸኩል፣ "ወገኖቼ፣ በጥሞና አድምጡኝ" አልኩ። "ባለፈው በሬዲዮ ስለ መድኃኒት ኢንሹራንስ የተናገርኩት ነገር እውነት አይደለም። ማንም አልተነጠቀም። ጋሼ አሁን ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ።"

ጋሼ ወንበሩን ለቀቁ። በቃሬዛ ወጡ፤ እስከ አምቡላንሱ ድረስ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። በዚያ ድምፅ ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች መናገሬን የሰሙ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ተረፉ። ግራ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አይቆልፍም። ያንኑ ሳምንት ለእድሩ አባላት በሙሉ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ፤ በሬዲዮ ያልኩት ውሸት ነው፣ ይቅር በሉኝ፣ አልኩ። ማንም አልወቀሰኝም። "አይዞሽ፣ ምርጫ እኮ ነው፤ ሁሉም ይዋሻል" አሉኝ። ምርጫው አለፈ፣ ፖስታ ሳጥኔም ባዶ ሆነ። ልጄ ፔፐሯን ጨርሳ ጥሩ ውጤት አመጣች።

ብርዱ ሲገባ አንድ የእድራችን አባል ሞተ። እንደ ወትሮዬ ድምፄን ላክሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ይጮህ ጀመር። "እውነት ነው? እውነት ሞተ?" ይሉኛል። የእድሩ ሊቀመንበር ጋ፣ ሟች ቤትም ሳይቀር ደውለው የጠየቁ ነበሩ። ለእያንዳንዱ አዎ፣ እውነት ነው፣ እያልኩ ዋልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ያኔ ገባኝ።

ቀብሩ ላይ ነፋስ ነበር። ጋሼን ከሰዉ ኋላ በከዘራ ቆመው አየኋቸው። ሟቹን እምብዛም አያውቁትም፤ ሐኪሙም ከቤት እንዳይወጡ ነግሯቸዋል። ሮጬ ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ለምን ወጡ? መሞቱን ነግሬዎት የለም እንዴ?"

"ነግረሽኛል ልጄ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "በዓይኔ ልይ ብዬ ነው።"

ሳጥኑ ወርዶ አፈር እስኪለብስ ድረስ እያዩ ቆሙ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ነዳሁላቸው።