የፍራሽ ሰፊዋ ፊርማ

ፍራሽ ሰፊዋ ሞኝ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምታደርገውን ሰምቶ ሰው እንዳይታዘባት ብዬ ነው።

ዕድሜዋን ያሳለፈችው ጥጥ ውስጥ ነው። የሰው አሮጌ ፍራሽ ይመጣላታል፤ በአንድ ወገን ትተረትረዋለች፣ ተጨፍልቆ ድንጋይ የሆነውን ጥጥ በጣቷ እየፈለቀቀች ታፍታታዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ መልሳ ሞልታ በወፍራም መርፌና በሲባጎ ትሰፋዋለች። ጥጥ ቀላል ነው የሚል ካለ አንድ ቀን ይሞክረውና ወገቡን ይጠይቀው። በዚህ ሥራ ነው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷን የገዛችው። ወንድሟንም ያሳደገችው በዚሁ ነው።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና በዳዴ የሚሄድ ነበር፣ እሷ ደግሞ ለማግባት የደረሰች ልጅ። ጠያቂ አልጠፋም፤ ግን «ሕፃኑስ?» ስትል የመጣው ሁሉ ሳል እየያዘው ተመለሰና እዚያው ቀረች። አቡሽ ብላ ነው የምትጠራው፤ ዛሬ ራሱ እየተመለጠም አቡሽ ነው። እሱም እትዬ ይላታል። እትዬ ባላት ቁጥር አሁንም ሆዷ ይባባል።

አቡሽ አገባ፣ ወለደ፣ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ገባ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም የጠፋባት። ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ መንገዱ ይዘጋል። በስልክ «ይኸው እመጣለሁ» ይላታል፣ እሷም የሰማችውን አምና ሻይ ትጥዳለች፤ ሻዩ ሲንተከተክ ውሎ ሬት ይሆንና ብቻዋን ትጠጣዋለች። ናፈቃት በቃ፣ ምን ይባላል ሌላ። በሥራ መሐል ድንገት መርፌዋን ጥጡ ላይ ትክል አድርጋ በሩን ታያለች።

አንድ ቀን የባልደረባውን መኪና ተውሶ ሳይነግራት ከች አለ። ሊገዛ ያሰበው የጭነት መኪና አለ፣ ራሱ የሚነዳው፣ ረጅም መንገድ የሚሠራ። ባንኩ ሊያበድረው ተስማምቷል፤ መያዣ ግን ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ያንቺን ቤት ብናስይዝስ አላት። እሷ ስለ ቤቷ ማሰብ ሲገባት ሻዩ ውስጥ ስንት ስኳር እንደሚጨምር ነበር የምታስበው፤ ረስታዋለችና ደንግጣለች። እሺ አለችው።

ባንኩ ግን በእሺታዋ ብቻ አልተመለሰም። የብድር ክፍሉ ሰውዬ፣ ደግ ይግጠመውና፣ ሴትዮዋ ቤታቸውን ለሌላ ሰው ብድር የሚያስይዙ ከሆነ የራሳቸውን ጠበቃ ያማክሩ አለ። የተበዳሪው ጠበቃ አይሆንም፣ የባንኩም አይሆንም። ውሉን ለብቻቸው ያስረዳቸውና መረዳታቸውን በጽሑፍ ያረጋግጥ። አቡሽ ተነጫነጨ። እሷ ግን ሠርግ የተጠራች ይመስል ሻሿን አሳምራ መኪናው ውስጥ ገባች።

ጠበቃዋ ወጣት ሴት ናት። ቢሮዋ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። አቡሽን በትሕትና አስወጣችው፤ ከዚያ ወንበሯን ስባ ከፍራሽ ሰፊዋ ጎን ተቀመጠችና ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ አነበበችላት። ወንድምዎ መክፈል ቢያቆም ባንኩ ቤትዎን መሸጥ ይችላል። ወለዱ ቢጨምር ዕዳው እርስዎም ላይ ይከብዳል። በኋላ አላወቅሁም ነበር ማለት አይሠራም። ነገሩ ሁሉ ለፍራሽ ሰፊዋ ወለል ብሎ ታያት። ገባዎት ወይ ስትባል ግን በመስኮቱ ቁልቁል አየች። አቡሽ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። ጠዋት ከቤቷ ወስዷታል፣ ሻይዋን ጠጥቷል፣ የልጆቹን ነገር እያወራላት መጥቷል፣ ሲመለሱም ምሳ አብረው ሊበሉ ነው።

አልገባኝም አለች።

እንዲህ ተጀመረ። ሌላ ቀጠሮ ተያዘ፣ ከዚያም ሌላ። መኪናው ቢገለበጥስ? እሱ ቢታመምስ? እኔ ብሞትስ? ጥያቄ እንደሆነ አላጣችም፤ ስትሰፋ ውላ ስታስብ ታድራለች። አቡሽም እያጉረመረመም ቢሆን ይመጣል። የላላውን የበሯን ማጠፊያ ሳይቀር አጠበቀላት። አንድ ቀን ዝናብ ያዛቸውና ያፍታታችው ጥጥ ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፣ እንደ ልጅነቱ አፉን ከፍቶ። ዝናቡ እንዳያባራ ለመነች።

ከፈረመች መንገድ ይወስደዋል፣ አይመጣም። እምቢ ካለች ይቀየማል፣ አይመጣም። ያልገባት መስላ ጆሮ ዳባ ልበስ ስትል ግን ይመጣል። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ይገባችሁ ነበር?

ጠበቃዋም የዋዛ አይደለችም። በመጨረሻው ቀጠሮ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ጎን አደረገችው።

«እማማ፣ ይህን ውል ከእኔ በላይ ያውቁታል» አለች። «እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቤቱ ቢሸጥ የት ይሄዳሉ?»

«እሱ ጋ ነዋ!»

ፈጥና ነው ያለችው፣ ፊቷም በርቶ። ወዲያው ከራሷ አፍ የወጣውን ሰምታ ክው አለች። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ቤቷ እንዲሸጥ ስትመኝ ነው የከረመችው።

ጠበቃዋ አልሳቀችም፣ አልገሠጸቻትም። እሱ እንዲህ ብሎዎታል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ፍራሽ ሰፊዋ ጠይቃው አታውቅም። እንግዲያው ይህ ነገር ውሉ ላይ የለም፣ ባንኩም አያውቀውም፣ እርስዎም አያውቁትም አለቻት፤ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁት፤ መልሱን ለእኔ መንገር የለብዎትም፣ መፈረምም አለመፈረምም የእርስዎ ነው፣ ማንም አያስገድድዎትም።

በመኪናው ውስጥ ጠየቀችው። አቡሽ መጀመሪያ ሳቀ፣ ምን ያሟርትሻል አላት። ደግማ ስትጠይቀው ግን ከልቡ አሰበበት። ከልቡ ማሰቡ ነው የጎዳት።

«አይዞሽ እትዬ፣ ሜዳ ላይ አንጥልሽም» አለ። «ላንቺ የምትበቃ አንድ ክፍል እንከራይልሻለን። ውኃ ያላት።»

በደግነት ነው ያለው። እጇንም መታ መታ አደረገላት። እሷ ወደ መንገዱ ዞረች። አጠገቧ ተቀምጦ እንኳ ናፈቃት፤ ያ ከጀርባዋ አልወርድም ብሎ ጥጥ ስታፍታታ አንገቷን አንቆ የሚይዘው ልጅ የት እንደገባ አላወቀችም።

በሯ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አላጠፋም።

«አልፈርምም፣ አቡሽ» አለች።

በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ከዚያ ፊቱ ቀላ። የጭነት መኪናውን ሻጭ እንዴት እንደለመነ፣ ከሥራ ስንቴ እንደቀረ፣ አለቃው ምን እንዳለው ዘረዘረ። አላቋረጠችውም፤ የሚለው ሁሉ እውነት ነው።

«ካልፈለግሽ ገና በመጀመሪያው ቀን አትይኝም?» አለ በመጨረሻ። «ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያመላለስሽኝ?»

«ስትመጣልኝ ደስ ስለሚለኝ» አለች። «ናፍቀኸኝ ነው።»

አቡሽ መሪውን እንደያዘ ቀረ። እሷ ወረደች፣ የመኪናውን በር ቀስ ብላ ዘጋች፣ የቤቷን ከፈተች። ሞተሩ እንደሚሠራ ነው። ይወርድ እንደሆነ ብላ ደፉ ላይ ቆመች።