ለዝናብ የመጡ እንግዶች

በእኛ ሰፈር ወቅት የሚታወቀው በሻንጣ ጎማ ድምፅ ነው። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለው የድንጋይ ንጣፍ መንገዳችን ሻንጣ ሲጎተትበት ያጉረመርማል፤ እኔም ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ታኅሣሥ ላይ የሚመጣው ሻንጣ ከባድ ነው፤ ለገና ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆቻችን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስጦታ ጠቅጥቀውበታል። ጥር ላይ በጀርባ የሚታዘለው ይበዛል፤ ጥምቀትን ጎንደር ለማየት የሚያልፉ፣ ወፍራም ጫማ ያደረጉ ፈረንጆች ናቸው። የካቲት ላይ ደግሞ ትንንሽ፣ ጥቁር፣ ቶሎ ቶሎ የሚሄዱ ሻንጣዎች፤ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ የስብሰባ ሰዎች። ከዚያ ፋሲካ አለ። ከዚያ ሰኔ ይገባና መንገዱ ዝም ይላል። ሐምሌ ላይ በዚያ ድንጋይ ላይ የሚሄደው ውሃ ብቻ ነው።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት እንግዶች ረስተዋቸው ከሄዱ መጻሕፍት ነው፤ እንግሊዝኛዬንም ከእነሱ አፍ ነው የለቃቀምኩት። ቤቱ የእናታችን ነበር። እናታችን ስምንት ክፍል ያለውን ግቢ የእንግዳ ማረፊያ አድርጋ ኖረችበት፤ ስትሞት ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ተወችልን። ወንድሜ ኦሎምፒያ ቢሮ አለው፤ ፈቃዱን፣ ግብሩን፣ የውጭውን ጉዳይ የሚይዘው እሱ ነው። አንሶላው፣ ቁርሱና እንግዳ መቀበሉ የእኔ ነው። የምኖረውም እዚያው፣ ከጓዳው ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ባልም ልጅም የለኝም፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዙሪያችን በመስታወት ፎቅ ከተከበበ ቆይቷል። ከመሬት ሳንነሳ፣ በቆርቆሮ ጣሪያችን የቀረነው እኛ ነን። አውሮፕላን ሲነሳ ከፎቆቹ መሃል ብቅ ይልና ጥላውን በግቢያችን ላይ ጎትቶ ያልፋል። ልብስ ሳሰጣ ያ ጥላ ከአንሶላ ወደ አንሶላ ሲሻገር አየዋለሁ። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ግን ምን ልበላችሁ፣ ጥላው ባለፈ ቁጥር እኔም አብሬው ትንሽ ራቅ ብዬ የተመለስኩ ይመስለኝ ነበር።

ክረምት ላይ እንዘጋለን። የእናቴ ልማድ ነበር፤ የሰፈሩ ማረፊያ ቤቶች ሁሉ ልማድ ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ፍራሽ ይገለበጣል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠገናል። ስልክ ቢደወል እንኳን መልሳችን አንድ ነው። አሁን ዝናብ ነው፣ ውጭ አያስወጣም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ምንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ፤ አደይ ሲያብብ በመስከረም ኑ። ይህን የምለው ለእንግዳው አዝኜ ነው። ሰው ከአገሩ ተነስቶ፣ መጥቶ፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ ዝናብ ሲያይ ከሚውል ቢቀርበት ይሻለዋል ብዬ ነው። እናቴም እንዲሁ እያለች ነው ያረጀችው።

ከሩቅ የሚመጡት መቀነስ የጀመሩት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። መጀመሪያ በሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ። ወደ ሰሜን የሚያልፉት፣ ጥር ላይ ግቢውን በወፍራም ጫማ የሚሞሉት፣ እየሳሱ ሄዱ። ታኅሣሥም እንደ ድሮው አልሆነም፤ የመጣው ሰው ዘመዱ ኮንዶሚኒየም ያድራል። እኔ ግን አንሶላውን ማጠቤን አልተውኩም። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ አወርድና አጥቤ እመልሰዋለሁ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሜ መጣ። መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆየ፤ ሲከብደው እንደዚያ ያደርጋል። ገብቶ እንደተቀመጠ ነገሩን ነገረኝ። አንድ ድርጅት ግቢውን በሙሉ ለቢሮ ይፈልገዋል። ቆርቆሮውን አንስተው ፎቅ ይጨምሩበታል። ለእኔ ቦሌ ቡልቡላ፣ ፀሐይ የሚገባበት ጥሩ ቤት አይቶልኛል።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አልኩት።

«ታርፊያለሽ» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ቀርቷል እኮ። ለማን ነው አንሶላ የምታጥቢው?»

እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቴን አይቶ ቃል ገባልኝ። ለሰዎቹ መልስ የሚሰጠው ሐምሌ ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ቤቱ ሰው ካገኘ አይነካውም። ቀጠሮው ሐምሌ ላይ መውደቁ ተንኮል አልነበረም፤ ሰዎቹ የቆረጡት ቀን ነው። ግን ሁለታችንም ሐምሌ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሸኝቼው ስመለስ የፊት ክፍሎቹን መጋረጃዎች ማውረድ ጀመርኩ። አብራኝ ብዙ ዓመት የኖረችው የወሎ ሴት፣ የቤቱን ልብስ የምታጥበው፣ መሰላሉን ይዛልኝ ቆመች።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የቦሌ ክረምት ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ህልም ነገር ነው። መጀመሪያ ፎቆቹ ከላይ ወደ ታች በጭጋግ ይጠፋሉ፤ አውሮፕላን ይሰማል፣ አይታይም። ቀጥሎ ብርሃኑ እንደ ሻይ ይቀላል። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ይወርድና በዓለም ላይ ሌላ ድምፅ አይቀርም። በዚያ ድምፅ ውስጥ ተቀምጬ እናቴ በኮሪደሩ ስታልፍ የሰማሁ እየመሰለኝ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ ይመሻል።

በአንዱ እንዲህ ባለ ከሰዓት ስልክ ጮኸ። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ከጅቡቲ።

«አለ ዝናብ?» አሉኝ።

ከልቤ አዝኜ አለ፣ ዘንድሮማ ብሶበታል አልኳቸው። በመስከረም ብትመጡ ልል አፌን ስከፍት «ነገ እንመጣለን» ብለው ስልኩን ዘጉት። መስመሩ ተበላሽቶ በደንብ ሳይሰሙኝ ቀርተው ነው ብዬ ስጨነቅ አደርኩ።

በማግስቱ የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሰማሁ። በሐምሌ። ውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ስለሚመጣ መጀመሪያ አላወቅኩትም ነበር። ጃንጥላ ይዤ ሮጥኩ። ስልክ የደወሉት እናት ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ግቢው መሃል ቆመዋል፤ በዚያ ስስ የጅቡቲ ቀሚሳቸው፣ በድሪያቸው፣ ርሰው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ጃንጥላውን ልዘረጋላቸው ስል በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«አቦ፣ ወዲያ በዪልኝ። ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው። ድሬ ተወልደው፣ አድገው፣ ጅቡቲ ተድረው ሄደው እዚያ ያረጁ ናቸው። ታዲያ እንደ ድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ እንጂ አንቱ አያውቁም። የወሎዋ ሴት በሰላምታ ተቀብላቸው፣ ፎጣ አምጥታ፣ «እትዬ፣ እኚህ ሴትዮ ይታመሙብናል» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

ለመኝታ ጥሩውን የፊት ክፍል አሳየኋቸው። አልፈለጉትም። በግቢው ዳር ኮርኒስ የሌላት አንዲት ክፍል አለችን፤ ከላይዋ ራቁት ቆርቆሮ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር እዚያ የገባ እንግዳ ለውጡልኝ ይላል፤ ስንት ዘመን ልናስተካክላት እያሰብን ሳይሆንልን ቀርቷል። እሳቸው ገብተው ቀና ብለው አዩና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ እዚህ ነኝ» አሉ።

እኔ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ስለ ጭቃው ይቅርታ፣ መብራት ሲሄድ ይቅርታ፣ እንጦጦ በጭጋግ ስለማይታይ ይቅርታ። በረዶ ሲወርድማ በረንዳው ላይ ወጥቼ እንደ ጥፋተኛ ቆምኩ። ልጆቹ ግን በረዶውን በብርጭቆ ለቅመው ለአባታቸው ሊወስዱለት ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ከተቱት። ማንም የትም መሄድ አልፈለገም። ሹራብ ገዝተው ለበሱ፤ ሹራብ መልበሱ ራሱ ሽርሽር ሆነላቸው። በረንዳው ላይ ወንበር ደርድረው፣ ሌላው ሰው ባሕር እንደሚያይ ዝናቡን ያያሉ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛል። ቤቱ ሁሉ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ያን ሰሞን እኔም እተኛ ነበር፤ አንድ ጊዜ በህልሜ ባሕሩ በመንገዳችን ሽቅብ መጥቶ፣ የግቢያችንን በር በቀስታ አንኳኩቶ፣ ቀዝቅዞ ተመለሰ።

አንድ ከሰዓት እኚያ እናት በዚያች ክፍላቸው አልጋው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ስለ አገራቸው ክረምት ነገሩኝ። ጅቡቲ ላይ በዚያ ወር አሸዋ የሚያዘንብ ነፋስ ይነሳል፤ ግድግዳው እሳት ነው፣ የቧንቧው ውሃ እሳት ነው፣ ባሕሩ ራሱ አያበርድም። የቻለ ሁሉ ይወጣል። ሰፈሩ ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ፣ የሌለው ማረፊያ ቤት ፈልጎ ወደዚህ ወደ ብርዱ ይመጣል።

«ወደዚህ? በሐምሌ?» አልኳቸው።

«ታዲያ በየትኛው ወር?» አሉኝ። «አምና እዚህ ደውዬ ነበር። ካቻምናም። አንዲት ደግ ሴት አነሳችው። ዝናብ ነው አትምጡ፣ በመስከረም ኑ አለችኝ። በመስከረም ልጆቹ ትምህርት ይገባሉ፤ መስከረምን ምን ላድርገው?»

«ማን ነበረች?» አልኩ፣ እያወቅኩት።

«እኔ ምን አውቄ። ድምጿ ግን ያንቺን ይመስላል» አሉና በጎን አዩኝ። «ለዚህ ነው ዘንድሮ ሳትከለክይኝ ስልኩን የዘጋሁት።»

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩት። እሳቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲጀምር ከላይ ቆርቆሮው ላይ ጠብታው ጀመረ። ያኔ ስልካቸውን አወጡና እህታቸው ጋ ደወሉ። ሰላም እንኳን ሳይሉ፣ ስልኩን በእጃቸው ወደ ቆርቆሮው ከፍ አድርገው ያዙት። ዝናቡ እየበረታ ሄደ። እጃቸው ሲዝል እኔ ተቀበልኳቸውና ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ያ ዝናብ በእጄ በኩል ወደዚያ የጋለ ቤት ሲገባ፣ እዚያ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የማየው ይመስለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ «ኑ፣ ሴትዮዋ ፈቅዳለች» አሉ።

በሳምንቱ እህታቸው መጡ። ቀጥሎ የጎረቤታቸው ቤተሰብ። የወሎዋ ሴትና እኔ መጋረጃዎቹን መልሰን ሰቀልን። ልብሱ በክረምት ስለማይደርቅ ገመዱን በኮሪደሩ ውስጥ ዘረጋነው፤ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ በአንሶላ መሃል እየሰነጠቀ ነበር የሚያልፈው።

ወንድሜ በቀጠሮው መጣ። ምንም አልነገርኩትም ነበር፤ ብነግረው ለምኜ ያመጣኋቸው ይመስለዋል ብዬ ፈርቼ። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ግቢው ዝም ብሏል፣ ሁሉም ተኝቷል። በየበሩ ላይ የተደረደሩትን ነጠላ ጫማዎች እያየ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣ የሕፃን፣ ኮሪደሩን በቀስታ ዘለቀው። በረንዳው ላይ እኚያ እናት ጋቢዬን ተከናንበው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቢሮው ውስጥ ሰው ሁሉ አንቱ የሚለውን ወንድሜን ቀና ብለው አዩት።

«አንተ፣ ና ቁጭ በል። አሁን ይጀምራል።»

እኔ በድንጋጤ ልሞት ነበር። እሱ ግን እንደታዘዘ ልጅ ተቀመጠ። ዝናቡ መጣ። በልጅነታችን እኔና እሱ በዚያ ቆርቆሮ ሥር አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ነጎድጓድ ሲመጣ ጆሮዬን የሚሸፍንልኝ እሱ ነበር። ይህን ያስታውስ አያስታውስ አልጠየቅኩትም። ኮቱን እንደለበሰ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። እኚያ እናት በመሃል በመሃል ያጫውቱታል። ስለ ነፋሱ፣ ስለሚዘጋው ሱቅ፣ ነሐሴ ላይ ሊመጡ ስለሚፈልጉት ዘመዶቻቸው፣ ስልክ ላይ ስለምትከለክለው ደግ ሴትም ጭምር ነገሩት።

ጋብ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «እናንተ፣ ስንት ጊዜ ነው እነዚህን ሰዎች ስትመልሱ የኖራችሁት?»

«ከእማዬ ጀምሮ» አልኩት።

ሳቀ። ወንድሜ እንደዋዛ የሚስቅ ሰው አይደለም፤ በሳቁ አንድ ሕፃን ከእንቅልፉ ነቃ። ከዚያ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደና ለድርጅቱ ሰዎች ደወለ። የሰማሁት መጨረሻውን ብቻ ነው፤ «ቤቱ ሰው አለበት» ነበር ያላቸው።

ነሐሴ ላይ ሁሉም ክፍል አልሞላም፤ ጥርም ገና እንደ ድሮው አልተመለሰም። ድርጅቱ ከእኛ በታች ሌላ ግቢ ወስዶ ፎቁን ጨርሶታል፤ ከሰዓት በኋላ መስታወቱ የእኛን ቆርቆሮ ያሳየኛል። ክረምት ላይ ግን መዝጋት ትተናል። ያቺ ኮርኒስ የሌላት ክፍል አሁንም ኮርኒስ የላትም።

ሐምሌ ሲገባ ወንድሜ ከቢሮው ይደውልልኛል። ዝናቡ አንዳንድ ቀን ኦሎምፒያ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ሰላም አይለኝም። ስልኩን በመስኮት ያወጣዋል መሰለኝ፣ መጀመሪያ የምሰማው ውሃ ነው። ከዚያ ድምፁ ይመጣል። «እየመጣላችሁ ነው» ይለኛል፤ «ንገሪያቸው፣ እንዳይተኙ።»