አፈር ያልለበሱት መነኩሲት

ከእንጅባራ በምወጣበት ቀን ዋዜማ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እናቴ ሻንጣዬን ደጋግማ እየፈታች ደጋግማ ታስረው ነበር። በርበሬው ከታች፣ የገብስ ቆሎው ከላይ። "ሕንድ ብርድ አለው?" ትለኛለች። "ሙቀት ነው እማ" ብላትም ጋቢውን ጨመረችው። እንጅባራ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሉት ያምናል እንዴ?

ስሜ አዝመራ ነው፤ ዳንግላ ላይ ነርስ ነበርኩ። ትንፋሽ ያጠረው ሕመምተኛ ሲመጣብን፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ማስገባት የሚችል ሰው ስላልነበረን በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር እንልከዋለን። መንገድ ላይ የቀሩብን አሉ። ደቡብ ሕንድ ያለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ሲቀበለኝ፣ እነሱን እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

እንደደረስኩ መጀመሪያ የገጠመኝ የውጭ አገር ሰው የሚመዘግበው ሹም ነው። የልደት ዘመኔን ትምህርት ማስረጃዬ ላይ በእኛ፣ ፓስፖርቴ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ቢያገኘው መነጽሩን አወለቀ።

"በአንደኛው ወረቀት ሰባት ዓመት ትበልጫለሽ። የትኛዋ ነሽ የመጣሽው?"

"ሁለታችንም መጥተናል ጌታዬ።"

አልሳቀም። "አንደኛዋን ሸኝተሽ ነገ ነይ" አለኝ።

የማደሪያችን ኃላፊ ሲስተር ፊሎሚና ነበሩ፤ በጉብዝናቸው ዘመን ነርሲንግ ያስተማሩ፣ ያረጁ መነኩሲት። እዚያ ወጡ ሁሉ የኮኮናት ዘይት ይሸታል። ዶሳ የሚሉት ስስ ቂጣ አላቸው፤ እንደ እንጀራ ኮምጠጥ ይላል፣ ዓይን ግን የለውም፤ እሱን እየበላሁ ራሴን አታልላለሁ። በሁዳዴ አንድ ቀን እንቁላሉን ገፋ ሳደርግ ሲስተር አዩኝ።

"ፋሲካ እኮ አለፈ ልጄ።"

"ያለፈው የእርስዎ ነው ሲስተር። የእኛ ገና ነው።"

"ክርስቶስ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚነሣው?" ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ግን ለብቻዬ ምስር አሠርተው አመጡልኝ።

ኋላ በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት ጥሎኝ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየሩ አጠገቤ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እናቴ በቪዲዮ ደወለች። እሷ በእኛ ቋንቋ በአውኚ ስትመርቃቸው፣ እሳቸው በአገራቸው ቋንቋ ሲመልሱ፣ ብዙ አወሩ። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አልሰሙም፤ ግን ሁለቱም ዕንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ "ያቺ እህቴ እንዴት ናት?" ሳትል ስልክ አትዘጋም።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ሲስተር ፊሎሚና በእንቅልፋቸው አረፉ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ጸሎቱ ላይ ቆምኩ። ሌሎቹ በዝግታ ሲዘምሩ እኔ እንደ አገሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሲያልቅ ለቀብሩ ብዬ ሬሳ የጫነውን መኪና ተከተልኩ። መኪናው የመቃብሩን በር አልፎ ወደ ሕክምና ኮሌጁ ታጠፈ።

"ኧረ ተሳሳቱ! መቃብሩ ወዲህ ነው!" ብዬ አጠገቤ የነበረችውን ወጣት መነኩሲት እጇን ያዝኳት።

"አልተሳሳቱም። ሲስተር አስከሬናቸውን ለመማሪያ ሰጥተዋል።"

"ለማን?"

"ለእናንተ ነዋ። ለተማሪዎቹ።"

አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ። አባቴ ባሕር ዳር ታክሞ ሳይድን ሲሞት፣ ወንዝ ሞልቶ መኪና ቢያቆም ሰው ነው በትከሻው አሻግሮ ለአገሩ አፈር ያበቃው። እኛ ጋ ሬሳ እንዲህ ነው። እዚህ ደግሞ መነኩሲት፣ ያውም መነኩሲት! ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። እናቴ ስትደውል "አርፈዋል" ከማለት በቀር ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣም።

ከወራት በኋላ ቱቦ ማስገባት የምንለማመድበት ክፍል ተራችን ደረሰ። መምህራችን በሩ ላይ ወደ ጎን ጠራኝ። "መግባት ካቃተሽ አልፈርድብሽም" አለኝ። የተኙት አስከሬኖች ሁሉ ከአፍንጫቸው በላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ስማቸው አይነገርም። ሲስተር ከእነሱ መካከል ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቅኩም። ቆመን ጸለይን። መንገድ ላይ የቀሩብን ሰዎች በዓይኔ መጡብኝና ገባሁ። መጀመሪያ ስቼ ቱቦውን ወደ ጨጓራ መንገድ ሰደድኩት። እንደገና ሞከርኩ። ገባ። "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ" አልኩ በአማርኛ፤ ማንም አልሰማኝም።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው እንድቀጠር ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጥ እናቴ ደወለች።

"የእህቴን መቃብር ለምን አታሳዪኝም?"

ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ በአውኚ ለራሷ የሆነ ነገር አጉረመረመች።

"ወዳ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ወዳ ነው እማ።"

"እንግዲያ ምን ይባላል፤ እሷ የራሷ ናት። አንቺ ግን የራስሽ አይደለሽም። አንድ ነገር ብትሆኚ ይልኩልኛል አይደል?"

"ምን ሟርት ነው! በእግሬ ነው የምመጣው።"

"መቼ?" አለችኝ።

መልስ ያልሰጠሁበትን የሆስፒታሉን የቅጥር ደብዳቤ ከጠረጴዛው አነሳሁት። እሷም ስልኩን አልዘጋችውም፤ ከወዲያ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"መቼ፣ አዝመሬ?"